በኡድናዳታ መንገድ ላይ ጌታ ያደረገልን

ወገኖቼ፣ የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ። ይህን ምስክርነት በጉባኤ ፊት ቆሜ ልናገር ሞክሬ እንባዬ እያሸነፈኝ ተቀመጥኩ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን አልኩ። አሁንም ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ቅደም ተከተሉ ቢዛባብኝ ታገሡኝ።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ነው። እሱ ዕድሜውን መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው ነው። አገር ቤት ሳለ የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለስበት ኖረ፤ እዚህ ከመጣን ወዲህ ደግሞ ታክሲ እየነዳ ልጆች አሳደገ፣ አስተማረ። «ይህን አገር እኮ ከኤርፖርትና ከፉትስክሬይ በቀር አላየሁትም» ይል ነበር ሁልጊዜ። ጡረታ ሲወጣ ያገለገለ ካራቫን፣ በመኪና የሚጎተት ማደሪያ፣ ገዛን። በአደላይድና በፖርት ኦገስታ አድርገን ወደ ማሪ፣ ከዚያ የኡድናዳታን የአፈር መንገድ ይዘን ወደ ዊልያም ክሪክና ኩበር ፒዲ፣ በመጨረሻም አሊስ ስፕሪንግስና ኡሉሩ ልንደርስ አቀድን። ወሩ ሐምሌ ነበር። እዚህ አገር ክረምቱ ያኔ ነው፤ በበጋ ወደዚያ በረሃ የሚወጣ የለም።

እንጀራውን ጋግሬ በበረዶ አደረቅኩት። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ ጀበናዬንም ያዝኩ። መንገዱን ስንጀምር ባለቤቴ እንደ ልጅ ሆነ። የኤይር ሐይቅን ስናይ መኪናውን አቁሞ ወረደና ዝም ብሎ ቆመ። ከባሕር ወለል በታች 15 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፣ ዓይን እስኪታክተው ድረስ የተዘረጋ ነጭ ጨው ነው። «አፋር የገባሁ መሰለኝ» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። አጠገቡ ቆሜ አመሰገንኩ። እግዚአብሔር ለዚህ ሰው በእርጅናው ይህን ዕረፍት ስለ ሰጠው አመሰገንኩ።

በዚያው ቀን ዊልያም ክሪክ ሳንደርስ መሸብን። አውትባክ በሚሉት በዚህ ሰው የሌለበት ሩቅ አገር ከመሸ በኋላ መንዳት አደጋ ነው፤ አጥር የሌለው አገር ስለሆነ ካንጋሮውም ከብቱም መንገዱ ላይ ይቆማል። ጣሪያው በወደቀ የድሮ የባቡር ጣቢያ ፍርስራሽ አጠገብ አደርን። በዚያ መስመር እስከ 1980 ድረስ ባቡር ይሄድበት ነበር፤ አሁን ማንም የለም። ሽሮ በላን፣ ጸለይን፣ ተኛን።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አካባቢ ክንዴን ጨብጦ ቀሰቀሰኝ። «አንቺ፣ ተነሺ እስቲ። ደረቴን የሆነ ነገር ተጭኖኛል።»

መብራቱን ሳበራ ፊቱ አመድ መስሏል። ውርጩ መስኮቱ ላይ የጋገረበት ሌሊት ነው፤ እሱ ግን ከግንባሩ ላብ ይንቆረቆራል፣ ካናቴራው ከገላው ጋር ተጣብቋል። ግራ እጁን ያሻል። ይህ ሰው ጥርሱን ታሞ እንኳ አመመኝ የማይል ሰው ነው። «ኢየሱስ!» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ስልኬን አነሳሁ፤ ኔትወርክ የለም። ከማሪ ከወጣን ጀምሮ አልነበረም። ወደ መኪናው ሮጬ በሬዲዮው «የሚሰማኝ ሰው አለ? ባለቤቴ ታሟል! እባካችሁ!» እያልኩ ጮኽኩ። ጣቴን ከቁልፉ ላይ ሳነሳ የሚመጣው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ደግሜ ጠራሁ። ቻናል ቀይሬ ጠራሁ። ሽሽሽ። እንዳልነዳ ካራቫኑን ከመኪናው መፍታት አላውቅበትም፤ እሱን ከአልጋ አውርጄ የምሸከምበት ጉልበትም የለኝም።

ያን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ያለችው ቢጫ መሣሪያ ትዝ አለችኝ። እዚህ ጋ ላቋርጥና አንድ ወንድም ላመስግን። ስሙን እንዳልጠራ ለምኖኛል። ከመነሳታችን በፊት በነበረው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጠብቆኝ «እትዬ፣ ይህችን ሳይዙ አይወጡም» ብሎ በእጄ ያስጨበጠኝ እሱ ነው። ፒኤልቢ ይሏታል፤ የድረሱልኝ ምልክት የምትልክ መሣሪያ ናት። በስማችን አስመዘገባት፣ የልጃችንን ስልክ ቁጥር አስጻፈ፣ አንቴናዋ እንዴት እንደሚዘረጋ አሳየኝ። ለባለቤቴ ሳይሆን ለእኔ ማሳየቱ ያኔ ገርሞኝ ነበር። ጌታ ዘርህን ይባርክ፣ ወንድሜ።

አንቴናዋን ዘርግቼ ቁልፉን ተጫንኩ። ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። በቃ፣ ይኸው ነው። መሣሪያዋ በ406 ሜጋኸርትዝ ወደ ሳተላይት ምልክት ትልካለች፤ ምልክቱም ካንቤራ ላለው የነፍስ አድን ማዕከል ይደርሳል። የእኛይቱ ግን መልስ አታመጣም። «ሰምተንሻል» አትልም፣ «እየመጣን ነው» አትልም። ሰማይ በግልጽ እንዲያያት ደጅ መሆን አለባት፣ ባለቤቴ ደግሞ ውስጥ ነው። የመኪናው አናት ላይ አስቀመጥኳትና በሁለቱ መካከል እሮጥ ጀመር። እሱ ጋ ገብቼ ላቡን እጠርጋለሁ፣ ወጥቼ መብራቷ መኖሯን አያለሁ። ገብቼ ትንፋሹን አዳምጣለሁ፣ ወጥቼ ደግሞ መንገዱን አያለሁ። ጨለማ ነው። የሆነ ቦታ ዲንጎ፣ የዚህ አገር የዱር ውሻ፣ ያላዝናል።

ልንገራችሁ፣ ያን ሌሊት የጸለይኩት የሚያምር ጸሎት አልነበረም።

ያደግኩት ከሆሳዕና ወጣ ባለ ገጠር ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ምጥ ጠንቶባት ሁለት ሌሊት ቆየች። የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ መኪና መንገድ ወጡ፤ እኔ ጋቢዋን ይዤ ከኋላ እሮጣለሁ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነበርኩ፤ ጌታ የልጆችን ጸሎት እንደሚሰማ ተምሬአለሁ። «ጌታ ሆይ መኪና ላክ፣ ጌታ ሆይ መኪና ላክ» እያልኩ ሮጥኩ። መንገዱ ዳር ደርሰን ጠበቅን። መኪናው ሲመጣ እናቴ አልነበረችም።

ከዚያ በኋላ በመዘምራን መካከል ቆሜ ስዘምር ኖሬአለሁ፤ የእኔ መዝሙር አጽናንቷቸው ያለቀሱ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ለታመመ ሰው ጸልዩ ሲባል ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ ልቤ ዝግ ነበር። ባለቤቴ እንኳ አያውቅም። በእግዚአብሔር ላይ ቂም ይዤ ኖሬአለሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ያን ሌሊት በዚያ ምድረ በዳ መኪናውን ተደግፌ ሁሉም ወጣ። «ያኔ መኪና ለምኜህ አልላክህም! አሁንም ዝም ልትል ነው? የሚጠብቅህ አይተኛም ይላል ቃልህ። እናቴ መንገድ ዳር ስትሞት የት ነበርክ?» እያልኩ ጮኽኩ። ከዚህ የባሰም ተናግሬአለሁ፤ ልጽፈው አልደፍርም። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩ። መሬቱ ላይ ተንበረከክኩ። ብርዱ በቀሚሴ አልፎ ጉልበቴን ሲቆረጥመው ትዝ ይለኛል።

ዝም ስል ከካራቫኑ ውስጥ ደከም ያለ ድምፅ ሰማሁ። ባለቤቴ እየዘመረ ነው። እናቴ ቡና ስታፈላ ታንጎራጉረው የነበረውን የድሮ መዝሙር። ከእኔ ነው የለመደው። ቃላቱ እየተቆራረጡ፣ መሃሉን እየዘለለ ይዘምራል። ገባሁና እጁን ይዤ የዘለለውን ሞላሁለት። ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ የሚለው ቃል መጣልኝ። እዚያ አገር ተራራ የለም፤ ዙሪያው ሜዳ ነው፣ ጨለማ ነው። ከተራሮቹም አይደለም ለካ፤ «ረዳቴ ሰማይና ምድርን ከሠራ ከእግዚአብሔር ዘንድ ነው።» ሰማዩና ምድሩ ብቻ የቀረበት ቦታ ላይ ሆኜ ይህን አልኩ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ጩኸቱ ግን ቆመ።

በዚያች ሰዓት ሜልቦርን ምን እየሆነ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ካንቤራ ያሉት ሰዎች ምልክቱን አግኝተው ለልጄ ደውለዋል። «አባትሽና እናትሽ መንገድ ላይ ናቸው?» ሲሏት ስልኩ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። ልጄ ደግሞ ለእኅቶች ደወለች፣ እኅቶች ለእኅቶች ደወሉ፤ እስኪነጋ በስልክ ተያይዘው ጸለዩ። አንዷ አራስ ነበረች፤ ሕፃኑን እያጠባች እስኪነጋ ከመስመር አልወጣችም። እናንት የጸለያችሁልኝ፣ ስማችሁን አንድ በአንድ በፊቱ እጠራለሁ።

መብራቶቹን መጀመሪያ ሳይ ኮከብ መስለውኝ ነበር፤ ያን ያህል ሩቅ ነበሩ። ደግሞም ይጠፋሉ፣ ደግሞም ይመጣሉ። ሁለት መኪና ነው። በአቅራቢያው ያለ የከብት እርባታ ኃላፊና ሚስቱ ከሠራተኞቻቸው ጋር መጡ። ሴትዮዋ ወርዳ አቀፈችኝ፤ ከዚያ ወዲያው ትልቅ ሣጥን ከፈተች። የበረራ ሐኪሞች አገልግሎት ለእንዲህ ያሉ ሩቅ ቦታዎች የሚያስቀምጠው የመድኃኒት ሣጥን ነው፤ እያንዳንዱ መድኃኒት ቁጥር ተለጥፎበታል። በሳተላይት ስልክ ሐኪም አገኘች። ሐኪሟ ቁጥር ትጠራለች፣ ሴትዮዋ ቁጥሩን በባትሪ ብርሃን ፈልጋ ታነሳለች፣ መልሳ ታነብላታለች። አንዱን እንዲያኝክ ሰጡት፣ አንዱን ከምላሱ ሥር ነፉለት። እጇ አልተንቀጠቀጠም። እሷን ሳይ እግዚአብሔርን ያየሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

ወደ እርባታው የአፈር አውሮፕላን ማረፊያ ወሰዱን። ወንዶቹ የሽንት ቤት ወረቀት ጥቅል ኬሮሲን ውስጥ እየነከሩ በቆርቆሮ ጣሳ አድርገው ከሜዳው ግራና ቀኝ ደረደሩና ለኮሱት። አንዱ ካንጋሮ ለማባረር በመኪና ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በሁለት መስመር እሳት ነደደ። አውሮፕላኑ ከፖርት ኦገስታ መጥቶ በእነዚያ እሳቶች መካከል ወረደ። ባለቤቴን አስገቡት፤ እኔንም አስገቡኝ። ስንነሳ እሳቶቹ ከታች ሲያንሱ አየኋቸው፤ «በዚያ እጅህ ትመራኛለች፥ ቀኝህም ትይዘኛለች» የሚለው ቃል ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ነርሷ ምን እንዳልኩ ጠየቀችኝ። በደንብ ባልሆነ እንግሊዝኛዬ ነገርኳት። እጄን ያዘችኝ።

አደላይድ ላይ የተዘጋውን የልቡን ደም ሥር ከፍተው፣ እንዳይዘጋ የሚይዝ ስቴንት የሚባል ትንሽ ቱቦ አስገቡለት። ለበረራው አንድ ሳንቲም አልጠየቁንም። ከዚያ ወዲህ ያሉት ወራት ክኒን፣ ቀጠሮና ቀስ ብሎ መራመድ ነበሩ፤ ጌታ አቆመልኝ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ሆስፒታል ሳለን አንድ አረጋዊ ቄስ ሊጸልዩልን መጡ። እንዴት እንደደረስን ስነግራቸው ከኪሳቸው የ20 ዶላር ኖት አወጡና ላዩ ላይ ያለውን ሰው አሳዩኝ። ጆን ፍሊን ይባላል፤ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። በ1912 በአውትባክ ላሉ ሰዎች የሚደርስ የወንጌል አገልግሎት ጀመረ። በ1917 ጂሚ ዳርሲ የሚባል ከብት ጠባቂ በሆልስ ክሪክ በኩል ተጎድቶ፣ የፖስታ ቤቱ ሹም ፐርዝ ያለ ሐኪም በቴሌግራፍ እየነገረው በሰንጢ ቀዶ ጥገና አድርጎለት ነበር። ሐኪሙ በመርከብ፣ በመኪናና በፈረስ ተጉዞ ሲደርስ ግን ሰውየው በዋዜማው ሞቷል። በዚያው ዓመት ክሊፎርድ ፒል የተባለ አንድ ወጣት፣ «ሐኪምን በአውሮፕላን ማድረስ ይቻላል» ብሎ ለፍሊን ደብዳቤ ጻፈ፤ ራሱ ፒል በ1918 በጦርነት ሞተ፣ አላየውም። ፍሊን ያቋቋመው አገልግሎት የመጀመሪያው የሐኪም አውሮፕላን ክሎንከሪ ከምትባል ከተማ የተነሳው ሜይ 17 ቀን 1928 ነው።

ባለቤቴ ያን ኖት ስንት ዓመት ከተሳፋሪ ሲቀበል፣ መልስ ሲሰጥ ኖሯል! «ሳይጠሩ እመልስላቸዋለሁ፥ ገናም ሲናገሩ እሰማለሁ» ይላል በኢሳይያስ። ገና ሳልወለድ፣ ገና እናቴ ሳትወለድ፣ አንድ አገልጋይ ተንበርክኮ የለመነው ነገር በዚያች ሌሊት ለእኔ መልስ ሆኖ ወረደ። አለቀስኩ። ያለቀስኩት ግን በደስታ ብቻ አይደለም። የዳርሲን ታሪክ ስሰማ ያየሁት እናቴን ነው። ለእሱም የጸለየ ሰው ነበረ ይሆናል። ለእናቴ ለምን መኪና እንዳልመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያንን ጥያቄ አልተውኩትም፤ አሁን ግን ፊቱ ቀርቤ ነው የምጠይቀው፣ ለታመመም ሰው ስጸልይ ልቤ አብሮ ይጸልያል። ይህን በእኔ ያደረገውን ከባለቤቴ መዳን አላሳንሰውም።

እርባታው ላይ ያሉት ባልና ሚስት ካራቫናችንን ጎትተው ወስደው አስቀምጠውልናል። ጀበናዬ ሳይሰበር በፎጣ ጠቅልላ እንዳስቀመጠችልኝ በስልክ ነገረችኝ። ሐኪሞቹ ከፈቀዱ በሚመጣው ሐምሌ እንመለሳለን፤ ልጄ ትነዳለች። ለዚያ ቤት ቡና አፍልቼ አጠጥቼ፣ ከዚያ የቀረውን መንገድ ወደ አሊስ ስፕሪንግስ እንቀጥላለን፤ የፍሊን መቃብር እዚያ አቅራቢያ ነው፣ ባለቤቴ ቆሞ ሊያመሰግን ይፈልጋል። ለመንገዳችን ጸልዩልን። በተለይ ሐኪሙ በሚቀጥለው ቀጠሮ እሺ እንዲል ጸልዩ፤ ሰውዬው ከአሁኑ ካርታውን ዘርግቶ ተቀምጧል።