ሞደም ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው

በ1990ዎቹ አጋማሽ ደሴ ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና እሠራ ነበር። አንድ ቀን ኮምቦልቻ ያለ የንግድ ድርጅት አስጠራኝ። የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ወረድኩ።

ችግራቸው ሞደም ነው፤ ኮምፒውተሩን በስልክ መስመር ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ዕቃ። ማታ ማታ ሪፖርትና ስካን የተደረጉ ደረሰኞች ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ። ኢሜይሉ መሀል ላይ ይቋረጣል፤ ከዚያ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። ሥራ አስኪያጁ «ፈጣኑን ግዙ» ብለው ባለ 56 ኬ የውስጥ ካርድ አስገዝተዋል። ብሩ ወጣ፤ ለውጥ የለም።

ጸሐፊዋ መፍትሔውን ግማሽ ያህል ነገረችኝ። «ወንድሜ፣ ፕሪንት ሳደርግ ደግሞ ይብስበታል» አለች። የቢሮ ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በየቀኑ የሚነካው ሰው ነው።

ካርዱ ዊንሞደም የሚሉት ዓይነት ነበር። ርካሽ የሆነው ዋናውን ሥራ ራሱ ስለማይሠራ ነው። ድምፅን ወደ ዳታ መለወጡን ለኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ይተወዋል። አዲስ ኮምፒውተር ይችለዋል። የነሱ ግን አሮጌ ፔንቲየም ነው። ፕሪንት ሲታዘዝ ለሞደሙ ጊዜ ያጥረዋል፤ መስመሩም ይበጠሳል።

56 የምትለዋን ቁጥር ደግሞ ብዙ ሰው በደንብ አያውቃትም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ቪ.90 የሚባለው የሞደሞች የጋራ ደረጃ በሴኮንድ እስከ 56 ኪሎቢት የሚሄደው ሲቀበል ብቻ ነው። ሲልክ ጣሪያው 33.6 ነው፤ ልክ እንደ ቀድሞው ደረጃ፣ ቪ.34። በዚህ ፍጥነት 1 ሜጋባይት ለመላክ መስመሩ ጥሩ ሆኖ እንኳ 4 ደቂቃ ግድም ይፈጃል። ስልኩም ይቆጥራል። ሥራው መላክ ለሆነ ቢሮ 56 ኬ ምን ይጨምርለታል?

ስልኩን አንስቼ ወደ ደሴ ደወልኩና አዳመጥኩ። ይንኮሻኮሻል። ክረምት ነበር፤ ዝናቡ መስመሩን ይረብሸዋል።

ከኮምፒውተሩ ኋላ ባለው መሰኪያ (ሲሪያል ፖርት) የሚሰካ የውጭ ሞደም አስገዛኋቸው። ሥራውን ራሱ ይሠራል። መብራቶቹን አይቶ መስመር መያዙን ማወቅ ይቻላል። ቢደርቅ ኮምፒውተሩን ሳይነኩ እሱን ብቻ አጥፍቶ ማብራት ነው። ከዚያ ከፍተኛ ፍጥነቱን 26.4 ላይ ገደብኩት። ሥራ አስኪያጁ አልተዋጠላቸውም።

«ዝቅ አድርገኸው ሊፈጥን ነው?»

«አዎ ጋሼ። በዚህ መስመር ከፍ ያለውን ሲሞክር ይቆራረጣል። ዝቅ ብሎ ሳይቋረጥ ቢሄድ ቶሎ ያደርሳል።»

«አብሽር፣ እናያለን» አሉ።

ከሁሉ በላይ የረዳው ግን ሞደም አይደለም። ደረሰኞቹ በከለር ስካን ይደረጉ ነበር። ወደ ጥቁርና ነጭ ስንለውጣቸው ፋይሉ በብዙ እጥፍ አነሰ። ጸሐፊዋ በዚያው ምሽት ሁሉንም ልካ በጊዜ ወደ ቤቷ ሄደች።

የውስጥ ካርዱን አልጣልነውም። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ያለው አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ገጠምኩት። እሳቸው የሚመጣላቸውን ኢሜይል ያነባሉ፣ ዜና ያያሉ እንጂ ብዙም አይልኩም። እዚያ በደንብ ሠራ።