ስልኬን ጓዳ ያስገቡብኝ ቀን

አብሮ አደጌ ከጅማ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «አንቺ፣ እዛ እኮ ያሰኘሽን ትናገሪያለሽ። ማን ሰማኝ ብሎ መሳቀቅ የለ። ታድለሽ!» ትላለች። መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰምተሽ አጥፊው እሺ» አለች። «ተመስገን ነው» ብዬ መለስኩላት። ሌላውን በስልክ ማውራት ደስ አላለኝም። እዚህ ልጻፈው።

የምኖረው ላይፕሲግ ነው፣ የድሮዋ ምሥራቅ ጀርመን። አባቴ በደርግ ጊዜ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ የቡና መጋዘን ጸሐፊ ነበር። ማታ በሩን ቆልፎ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የጀርመን ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት ይሰማል። ያ የምዕራቡ ጀርመን ነው። የምሥራቁ ደግሞ በዚያው ዘመን የደርግን የደኅንነት ሰዎች ያሠለጥን ነበር። አንዱ ጀርመን ወሬ ይነግረናል፣ ሌላኛው ወሬውን የሰማ ሰው እንዴት እንደሚያዝ ያስተምራል።

በመሃል ቡናም አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 የዓለም የቡና ዋጋ ሰማይ ሲነካ ምሥራቅ ጀርመን ዶላር አጠራት። ለሕዝቧ ግማሽ ያህሉ ቡና ያልሆነ ድብልቅ አቀረበች። ሰዉ አንገሸገሸው። ጎረቤቴ የነበሩ ባልቴት ስለሱ ሲያወሩ ዛሬም ፊታቸው ይኮማተራል። ቬርነር ላምበርትስ የሚባለው የፓርቲው ሰው አዲስ አበባ ተመላልሶ ከመንግሥቱ ጋር ተስማማ፦ ቡና ለነሱ፣ መሣሪያ ለደርግ። እኔ የጅማ ልጅ ስለሆንኩ ቡና በተባለ ቁጥር የኛ ይመስለኛል። (ሐረሮችና ሲዳማዎች ይቅር በሉኝ።) ይህንን ለጎረቤቴ ስነግራቸው «አመሰግናለሁ» አሉኝ፣ ከልባቸው። ምን ልበል? «ምንም አይደል» አልኩ። እሳቸው ቡና ሲያገኙ እኛ ቀይ ሽብር ላይ ነበርን። አስከሬን መንገድ ዳር ያድር ነበር፣ እናት ለልጇ ለቅሶ መቀመጥ ተከልክላ ነበር። አባቴም ቀበሌ ታስሮ ወጥቷል። ስለ እስሩ አንድም ቀን አውርቶን አያውቅም። ቤት ውስጥ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ግን ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። እንግዳ ሲመጣ ጨዋታ እንዳንሰማ ይመስለን ነበር።

በኛ ዘመን ደግሞ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚከታተልበት አንድ ለአምስት መጣ። በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከውጭ የሚሠራጩትን የተቃዋሚ ቴሌቪዥኖች፣ ኢሳትንና ኦኤምኤንን፣ ማየት ሲከለክል፣ እኛም ድምፁን ዘግተን ከንፈር ማንበብ ጀመርን። አባቴ ሶፋው ላይ ሆኖ ያየናል። «ብርድ ልብሱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው» አለ።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። እሳቸው የስለላ ፋይላቸውን አንብበዋል። ሽታዚ የሚባለው የምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት ሲፈርስ ከ90,000 በላይ ቋሚ ሠራተኛ ነበረው፣ ጥቆማ የሚያቀብለውን ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ሳይጨምር። የተረፈው ወረቀት ቢደረደር 111 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከጅማ ተነስቶ ቦንጋ የሚደርስ መደርደሪያ በሉት። የተጠርጣሪ ሰው ጠረን በጨርቅ ይዘው በጠርሙስ ያሽጉ ነበር፣ ውሻ እንዲያሸተው። ጠርሙሱ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል፣ ሄዳችሁ እዩት። ከ1992 ጀምሮ (በነሱ አቆጣጠር) ማንም ሰው የራሱን ፋይል ጠይቆ ማየት ይችላል። በእርግጥ ጀርመን ነውና ማን እንደሰለለህ ለማወቅም ፎርም ሞልተህ ወረፋ ትጠብቃለህ።

ጎረቤቴን ትጠቁም የነበረችው አብራቸው መዘምራን ውስጥ የነበረች ሴት ናት። ምን ምን አጥበው እንዳሰጡ ሳይቀር ጽፋለች። «አሁንስ?» አልኳቸው። «ሰላም እንባባላለን። ቤቴ ግን አትገባም።» አለቀ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «የአባትሽ ፋይልስ የት ነው የሚጠየቀው?» አሉኝ።

ሳቅኩ። ደርግም እኮ ጽፎ ነበር። ልዩ ዐቃቤ ሕግ በነዚያው ሰነዶች ከስሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 መንግሥቱ በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተብሏል። ሰውየው ዚምባብዌ፣ ፍርዱ አዲስ አበባ። ተራው ሰው ግን «አባቴን ማን ጠቆመው?» ብሎ የሚጠይቅበት መስኮት የለውም። ስለዚህ እኛ በግምት እንሠራለን። የግምቱን ነገር ደግሞ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ።

እንደመጣሁ ሰሞን አንዲት ሴት ቡና ጠራችኝ። አበሻ ካየሁ ሰንብቻለሁ፣ በደስታ በርሬ ሄድኩ። በጅማ ወጌ ሰላምታዬን ጀመርኩ። እርስዎ ከየት ነዎት? መቼ መጡ? እዚያ ማን ቀረ? ልጆች አሉ? የት ይሠራሉ? ጅማ ፈረንጅ አራዳ ብትቀመጡ ይህንን ያልጠየቀ ሰው ኩሩ ነው የሚባለው። እዚህ ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዷ ፈንዲሻ ትለቅማለች። የቤቱ ባለቤት ተነስታ «ስልክሽን አምጪው የኔ እናት፣ ጓዳ ላስቀምጥልሽ» አለችኝ። ቻርጅ ልታደርግልኝ መስሎኝ አመስግኜ ሰጠኋት። መቶኛውንም ነገርኳት፣ «አሥራ ሁለት ፐርሰንት ነው የቀረው» ብዬ። የማንም ስልክ አልተነሳም፣ የኔ ብቻ። አቦል ተጠጣ። ቶናው ሳይደርስ ሁሉም ሰው ሥራ ያዘው። ስወጣ ስልኬን ሰጠችኝ። አሥራ አንድ ፐርሰንት።

ደረጃው ላይ ነው የገባኝ። ቀጥሎ «ለኤምባሲ ነው የምትሠራው፣ ጥያቄ ታበዛለች» መባሌን ሰማሁ። ቆይቶ ደግሞ «አይ፣ የነዚያኞቹ ናት» ተባለ። ለሁለት ተቃራኒ ወገን በአንዴ ስሠራ ደመወዜን ማን እንደበላው አላውቅም። ያን ክረምት ማርያም ማህበርም አልተጠራሁ፣ ልደትም አልተጠራሁ። አባቴን የገረፈው መንግሥት ከወደቀ ስንት ዘመኑ፣ እኔ ላይፕሲግ ላይ በሱ ሥራ ተጠረጠርኩ። ጥርሴን ነክሼ አለቀስኩ።

ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሳም፣ እሱን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2014 የቶሮንቶው የጥናት ተቋም ሲቲዝን ላብ ውጭ ያሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ኮምፒውተር ላይ የስለላ ሶፍትዌር እንደተላከ አጋልጧል። ሰዎቹ አላበዱም። ግን የሰላዩ ሶፍትዌር ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፣ የቡና ጠጪዋን ልጅ ስልክ ጓዳ ማስገባት ምን ይፈይዳል?

ልትመጡ ለምታስቡ፦ ጥገኝነት ለመጠየቅ የውሸት ኬዝ አትግዙ። እዚህ ጠያቂው «የታሰርክበትን ወረቀት አምጣ» ይላል፣ ቀበሌ አስሮ ደረሰኝ እንደማይሰጥ አይገባውም። የተገዛ ታሪክ ሲደጋገም በእውነት የተገረፈው ሰው ፊት በሩ ይዘጋል። ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ያዙ፣ የመባረሪያ ደብዳቤም ቢሆን። ሰላምታችሁን ደግሞ አሳጥሩ፣ የመጀመሪያው ቡና ላይ ከስም በላይ አትጠይቁ። እኔን ያየ ይማር። እንደውም ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ሂዱ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ከአጋሮ መጣ። ገና አልጋ ሳይለምድ አንዱ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ «እሱን ልጅ ተጠንቀቂው» አለኝ። ምን አድርጎ? «ዓይኑ።» ዓይኑ ምን ሆነ? «ያያል።» ቅዳሜ ቤቴ ቡና አለ፣ ልጁን ጠርቼዋለሁ። ጓዳዬ ጠባብ ነው፣ ስልክ አላስቀምጥም። የፈራ ይቅር።