ናዳውን አርቂልኝ ብዬ ነበር የጸለይሁት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። የተደረገልኝን ዝም ብዬ ላላልፍ ተስያለሁና እመሰክራለሁ።

ነሐሴ 9 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ ማክሰኞ፣ የፍልሰታ ጾም። ከቢቸና 50 ኩንታል ነጭ ጤፍ በአይሱዙ ጭኜ ወደ አዲስ አበባ እየሄድሁ ነበር። ጋቢናው ውስጥ ከረዳቴ ሌላ አንዲት እማሆይ ነበሩ። ከደብረ ወርቅ ተነሥተው ደብረ ሊባኖስ ሊሳለሙ ነው፤ ቢቸና መኪና አጥተው ዝናብ ላይ ቆመው አግኝቼ አሳፈርኋቸው።

ደጀን ስንደርስ አመሻሹ ላይ ነበር። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከከተማው ወጣ እንዳሉ ምድር የሚያልቅ ነው የሚመስለው። ከአፋፉ እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ነው፤ እየተጠማዘዘ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ላይ ብርዱ ያንዘፈዝፋል፣ ታች ወበቁ ያፍናል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዋናው ፍርሃት ናዳ ነው። አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ይላላል፤ ተራራው ከነድንጋዩ ይንሸራተታል፤ አስፋልቱ ራሱ እየተገፋ እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ይሆናል። ጠዋት ያለፉበት ኩርባ ማታ ተዘግቶ ይገኛል።

በዚያ ላይ ጉም። ከበረሃው እየተነሣ አፋፉን ሞልቶት ነበር። ረጅም መብራት ሳበራ ነጭ ግድግዳ ሆነብኝ፤ አጭሩን ይዤ የመንገዱን ጠርዝ እየተከተልሁ መውረድ ነበረብኝ።

«እማሆይ፣ እመቤቴ ናዳውን እንድታርቅልን ይጸልዩልን» አልኋቸው።

«እንድትጠብቀን እለምናታለሁ፣ ልጄ። በምን እንደምትጠብቀን እሷ ታውቃለች» አሉኝና ከነጠላቸው ሥር ውዳሴ ማርያማቸውን አውጥተው የማክሰኞውን ጀመሩ። እኔ ግን በልቤ ናዳውን ብቻ እያሰብሁ «አርቂልኝ፣ አርቂልኝ» እል ነበር።

ጥፋቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። መኪናው አልጎደለበትም። ታላላቆቻችን ሾፌሮች ያስተማሩን ደንብ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚል ነው። እኔ ሳይጨልም ድልድዩን ልሻገር ብዬ በአራተኛ ማርሽ ገባሁ። ሞተሩ እንዲይዝልኝ ማድረግ ሲገባኝ እግሬን ከፍሬኑ ላይ አላነሣሁም። ሃምሳ ኩንታል ከኋላ እየገፋ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ያን ሁሉ ኩርባ በፍሬን ብቻ።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። ረዳቴ ቀድሞኝ ሸተተው። «ጋሼ፣ የፍሬኑ ሸራ እየነደደ ነው!» አለ። ወዲያው እግሬ ሥር ያለው ፍሬን ለስልሶ ወደ ታች ሰመጠ። ደግሜ ረገጥሁት፤ ባዶ ነው። ማርሽ ልቀንስ ብዬ ከአራተኛ አወጣሁት፤ ሦስተኛው ጥርሱን እያንቋቋ እምቢ አለ። ነፃ ቀረ። የእጅ ፍሬኑን ሳብሁት፤ ምንም። መኪናው እንደ ልቡ ሮጠ።

በቀኜ ተራራ፣ በግራዬ ገደል። ከፊቴ ወደ ግራ የሚታጠፍ ኩርባ አለ፤ በዚያ ፍጥነት እንደማይታጠፍልኝ እጄ መሪው ላይ እያለ ዐወቅሁት። «እመቤቴ ማርያም! ደብረ ወርቅ ጥላ አገባለሁ!» ብዬ ጮኽሁ። ከዚህ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እማሆይ ድምፃቸውን ሳያነሡ ንባባቸውን ቀጠሉ።

ጉሙ ውስጥ ጥቁር ነገር አየሁ። ናዳ ነበር። እንዳይመጣብኝ ስለምን የቆየሁት ናዳ ከተራራው ወርዶ ቀኝ መስመሩን ሙሉ ይዟል። መሪውን ወደ እሱ ያዞረው እኔ ልሁን ሌላ እስከ ዛሬ መናገር አልችልም። መኪናው እንደ ማረሻ ጭቃውን እየሰነጠቀ ገባ፤ ጆንያው ከኋላ ጋቢናውን ገፋው፤ መስታወቱ በጭቃ ተሸፈነ። ከዚያ ቆመ። በቃ፣ ቆመ። የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ጭቃውን እየገፋ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ እማሆይም ያነባሉ።

ስወርድ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ጭቃው እስከ ፊት መብራቱ ደርሷል። ለስላሳ አፈር ነው፣ ሊጥ የመሰለ። ከተቀበርንበት ዐሥር እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ፣ ከዚያው ናዳ ጋር የመጣ፣ መኪናችንን የሚያክል ጥቁር ድንጋይ መንገዱ ላይ ተቀምጧል። ከጎማዎቹ እንፋሎት ይጨሳል። ረዳቴ፣ እግዚአብሔር ያክብረው፣ እኔ ደንዝዤ ስቆም እሱ ታኮ አድርጎ፣ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ከላይ የሚመጣ እንዳይደርስብን ዳገቱን ሮጦ መንገዱ ላይ አነጠፈ።

ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ስነግረው «ጭቃ መኪና ይይዛል፣ ምን ይደንቃል?» አለኝ። ጭቃ መኪና እንደሚይዝ እኔም አውቃለሁ፤ በክረምት ስንት ጊዜ ተይዣለሁ። እኔ የምመሰክረው እኛ ሳንደርስ መውረዱን፣ በተራራው በኩል መሆኑን፣ ለስላሳው ለእኛ ደርሶ ድንጋዩ ወዲያ ማለፉን ነው።

ሌሊቱን ጋቢና ውስጥ አደርን። ከመሸ በኋላ እማሆይ ከአገልግላቸው ቆሎ አውጥተው አካፈሉን። «ናዳውን አርቂልን ብዬ ነበር» አልኋቸው። «ሰምታሃለች» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። ጠዋት ሎደር መጥቶ ጭቃውን ጠረገ፣ እኛንም ጎትቶ አወጣን። ከጤፉ የተቀደደው ሁለት ጆንያ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደጀን ላይ ሳልቆም ወርጄ አላውቅም። ወርጄ ጎማዎቹን በመዳፌ እዳብሳለሁ፤ ቁልቁለቱን ከመጀመሬ በፊት ሁለተኛ ማርሽ አስገባለሁ። ከኋላዬ የሚጣደፍ ካለ ዳር ይዤ አሳልፈዋለሁ። መሀል መንገድ ፍሬኑ ከጋለ ቦታ ፈልጌ ቆሜ አቀዘቅዘዋለሁ፤ እንደ አንዳንዶቹ በጋለ ብረት ላይ ውኃ አላፈስም፣ ይሰነጥቀዋልና። ወንድሞቼ ሾፌሮች፣ እባካችሁ እንዲህ አድርጉ፤ ልጆቻችሁ ይጠብቋችኋል።

ጥር 21 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጥላ ይዤ ከእናቴ ጋር ደብረ ወርቅ ገባሁ። እማሆይን አፈላለግኋቸው፤ ከደብረ ሊባኖስ ገና አልተመለሱም አሉኝ። ስእለቴ ተነግሮ ጥላው ሲዘረጋ ሴቶቹ ሁሉ እልል አሉ። ከዚያ ሁሉ እልልታ መካከል የእናቴን ድምፅ ለየሁት።