ዝም ያሉት እማማ

ድንገተኛ ክፍል በተመደብኩ በሁለተኛው ወር ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ሁለት ቃጠሎ ተከታትሎ ገባ። አንዱ የሻይ ቤት ልጅ ነው፣ የፈላ ውሃ ክንዱ ላይ ተደፍቶበት። ቀልቷል፣ ውሃ ቋጥሯል፣ ላዩ ላይ የማይቀረው የጥርስ ሳሙና ተለቅልቋል። ጩኸቱ ለጉድ ነው።

ሌላዋ እማማ ናቸው። የሚጥል በሽታ አለባቸው። ምድጃ ላይ ወድቀው፣ ሰው እስኪደርስላቸው እግራቸው እሳት ውስጥ ቆይቷል። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው «እኔን ብዙም አላመመኝ ልጄ፣ እሱን እዪው» ይሉኛል። ተረኛው ሐኪም አሻግሮ አያቸውና ካርዳቸው ላይ «ሕመም የለም» ብሎ ጽፎ አለፈ። እኔም ወደ ልጁ።

ማስታገሻ መርፌ ሳዘጋጅ የፈረቃ ኃላፊያችን መጣች።

«እኚህን ማን አያቸው?»

«ደህና ነኝ ብለዋል። እሱ ግን ሲጮኽ አትሰሚም?»

«ቆዳ ስላለው ነዋ የሚጮኸው!»

እጄን ይዛ ወሰደችኝ። እግራቸው ነጣ ብሎ እንደ ደረቀ ሌጦ ሆኗል። ጫን አድርጋ ለቀቀችው፣ መልኩ አልተለወጠም። በመርፌ ጫፍ ነካ አደረገችው፣ እማማ ጭራሽ እሷን እያዩ ይመርቃሉ። ጠርዙ ላይ ስትደርስ ብቻ «እህ» አሉ።

ትምህርት ቤት የቆዳን ሥዕል ስንቴ ስለነዋል። ላይኛው ስስ ንጣፍ ደም ስር የለውም፤ ደም ስሩም፣ የላብ ዕጢውም፣ የፀጉሩ ሥርም፣ ነርቮቹ የሚያልፉበትም ከሥሩ ያለው ወፍራሙ ነው። ሁሉንም በቀስት አሳይቼ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። እሳት ያንን ወፍራም ንጣፍ ከነነርቩ ከበላው ሕመሙን ማን ይናገራል የሚል ጥያቄ ግን ፈተናው ላይ አልነበረም።

ጠዋት ስብሰባ ላይ ተረኛው ሐኪም «ገና ሳያቸው ጥልቅ መሆኑን ጠርጥሬ ነበር» አለ። ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ኃላፊያችን ካርዱን አየች፣ እኔን አየች፣ ሻይዋን ጠጣች።

የልጁ ክንድ በሦስተኛው ሳምንት ዳነ፤ የፀጉር ሥሩና የላብ ዕጢው ከተረፈ አዲሱ ቆዳ ከዚያው ይበቅላል። የእማማ እግር የሚያበቅልበት ነገር ስላልቀረው ከጭናቸው ስስ ቆዳ ተልጦ ተተከለላቸው። ሲጮኹ የሰማኋቸው ያኔ ነው። ለጭናቸው! ጤነኛ የነበረው ጭናቸው ነርቩ አለ፣ ላዩ ተገፏል። «እግሬን አድናለሁ ብላችሁ ጭኔን ገደላችሁት» ብለው ምርቃታቸውን ሁሉ ሊመልሱ ምንም አልቀራቸው።

እኔ ከዚያ ወዲህ ጩኸት ስሰማ መጀመሪያ ዝም ያለውን ነው የምፈልገው። ባለፈው ወር ሦስት ሰው ሲያቃስት ትቼ ጥግ ያለው አልጋ ላይ ጸጥ ወዳለው ሰውዬ ሮጥኩ። ብርድ ልብሱን ገለጥኩት፣ እግሩን ጫን ጫን አደረግሁት። ደንግጦ ብድግ አለ።

«ሲስተር፣ ይቅርታ፣ እኔ አስታማሚ ነኝ። ትንሽ ጋደም ልበል ብዬ ነው።»