አፈር ያልበላው ክሎሪን

«ባክቴሪያ መርዝ በላ» የሚል ዜና በየጊዜው ይወጣል። እኔም ዜናውን እንዳለ ስቀበል ኖሬ የሊንዴንን ነገር በዝርዝር ካነበብሁ ወዲህ ግን «የትኛውን መርዝ?» ማለት ጀምሬአለሁ።

ሊንዴን ሰብል ላይ ይረጭ፣ ዘር ይታሽበት፣ ለቅማልና ለእከክም ይቀባ የነበረ ፀረ ተባይ ነው። የሚሠራው ቤንዝንን (የመኪናውን ቤንዚን ማለቴ አይደለም) በብርሃን ኃይል ከክሎሪን ጋር በማዋሐድ ሲሆን፣ ከሚገኘው ድብልቅ ውስጥ ተባይ የሚገድለው ጋማ የተባለው ዓይነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው። የቀሩት አልፋ፣ ቤታና ሌሎቹ ይጣላሉ። በሰሜን ስፔን በምትገኘው ሳቢኛኒጎ ከተማ አጠገብ ከ100 ሺህ ቶን በላይ እንዲህ ያለ ቆሻሻ ተደፍቶ ቀርቷል። ሊንዴን፣ አልፋና ቤታ በቀላሉ የማይበሰብሱ መርዞችን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት የተከለከሉት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ይህን ኬሚካል የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ስፊንጎቢየም ከሚባለው ወገን በጃፓን፣ በሕንድና በፈረንሳይ ተገኝተዋል። የጃፓኑ መርዙ በየዓመቱ ሲረጭበት ከኖረ ማሳ፣ የሕንዱ ደግሞ ከሸንኮራ አገዳ ሥር አፈር የተለየ ነው። ሊንኤ የተባለው ኢንዛይማቸው አንድ ክሎሪን ከጎረቤቱ ሃይድሮጅን ጋር ነቅሎ ያወጣል፤ ሊንቢ ደግሞ ክሎሪኑን አስወጥቶ በቦታው ከውኃ የተገኘ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ይተካል፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ኢንዛይሞች ክሎሪኖቹ የተያያዙበትን የካርቦን ቀለበት ሰብረው ለባክቴሪያው ምግብ ያደርጉታል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ጂኖች በአንድ ስፍራ ተሰድረው አለመገኘታቸው ነው። እዚህም እዚያም ተበታትነው፣ አንዳንዶቹም ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ በሚተላለፍ ፕላዝሚድ (ከዋናው ክሮሞዞም ውጭ ያለ የዲኤንኤ ቁራጭ) ላይ ተቀምጠው ይታያሉ፤ በአጠገባቸውም አይኤስ6100 የተባለ፣ ከቦታ ቦታ የሚዘል የዲኤንኤ ቁራጭ ደጋግሞ ይገኛል። መርዙ በገፍ መረጨት ከጀመረ መቶ ዓመት እንኳ አልሞላውምና፣ እንደ እኔ ግምት ይህ ገና ተሠርቶ ያላለቀ ሙያ ነው።

ያላለቀ መሆኑም በቤታ ላይ ይታያል። ሊንኤ ሥራውን እንዲሠራ በቀለበቱ ላይ ጎን ለጎን ካሉት ክሎሪንና ሃይድሮጅን አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ማመልከት ይኖርበታል። በቤታ ላይ ግን ስድስቱም ክሎሪኖች ወደ ጎን ተዘርግተዋል፤ ስለዚህ ሊንኤ የሚይዘው ነገር ያጣል። ሊንቢ አንድ ወይም ሁለት ክሎሪን ሊያወጣለት ቢችልም፣ የቀረው ሞለኪውል አሁንም ክሎሪን እንደ ተሸከመ አፈር ውስጥ ይከማቻል። ላቦራቶሪው «ቤታ ቀንሷል» ሲል እውነቱን ነው፤ አፈሩ ግን አልጸዳም።

በሕንድ ተመራማሪዎች ባክቴሪያውን በተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ላይ አሳድረው በተበከለ አፈር ውስጥ በመቀላቀል ሞክረውታል፤ አፈሩ እርጥብና አየር የሚያገኝ መሆን ነበረበት። ዘዴው ለሳሳ ብክለት ተስፋ አለው ብዬ አምናለሁ። በሳቢኛኒጎ ግን ቆሻሻው ከውኃ የከበደ ዘይት መሰል ፈሳሽ ሆኖ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ ስለሚገኝ፣ እዚያ መድረስም ሆነ በዚያ ክምችት ውስጥ መኖር ለባክቴሪያ ከባድ ነው። በአገራችንም በየመጋዘኑ ተከማችተው የነበሩ ጊዜ ያለፈባቸው ፀረ ተባዮች ወደ አውሮፓ ተልከው መቃጠላቸው ትክክል ነበር እላለሁ፤ ባክቴሪያውን የምመኘው ከበርሜሉ አምልጦ መሬት ውስጥ ለሰረገው ነው።