እንግሊዝኛ ለመማር የትኛውን መጽሐፍ እንምረጥ?

እንግሊዝኛውን ለማሻሻል ብሎ ማንበብ የጀመረ ሰው ሃያኛው ገጽ ላይ ሲያቆም ስንፍናውን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ መጽሐፉ ከደረጃው በላይ መሆኑ ነው፤ ይህን ደግሞ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መለካት ትችላላችሁ።

መጽሐፉን መሐሉ ላይ ግለጡት። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሰውና ቦታ ስለሚያስተዋውቅ ከሌላው ይከብዳል፤ በእሱ አትፍረዱ። 100 ቃላት ቁጠሩና የሰውና የቦታ ስሞችን ትታችሁ የማታውቋቸውን በጣታችሁ ያዙ። ሁለት ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ያለ መዝገበ ቃላት ትዘልቁታላችሁ። ከሦስት እስከ አምስት ከሆኑ የሚያግዛችሁ ሰው ወይም የድምፅ ቅጂ ያስፈልጋችኋል። ከአምስት ካለፉ ለጊዜው መልሱት። 250 ቃላት ባሉት ገጽ ላይ ከመቶ አምስት ማለት በየገጹ ከአሥራ ሁለት ጊዜ በላይ መቆም ነው፤ አዲስ ቃል በግምት የሚገባን ደግሞ በዙሪያው ያሉትን ስናውቃቸው ብቻ ነው።

ስትቆጥሩ የሚያሳስት ነገር አለ። «ፑት»፣ «አፕ» እና «ዊዝ» ለየብቻ ይታወቃሉ፤ «ፑት አፕ ዊዝ» ግን መታገሥ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን እንደ አንድ የማታውቁት ቃል ቁጠሩት። የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ የሚያነብ ተማሪ ልቦለድ ላይ የሚደናቀፈው በዚህ ነው፤ ልቦለድና ንግግር በእነዚህ ጥምር ግሦች የተሞሉ ናቸው፤ የሳይንስ መጽሐፍ ግን ብዙም አይጠቀምባቸውም።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ለቋንቋ ተማሪ በደረጃ የተዘጋጀ መጽሐፍ ነው። ኦክስፎርድ በሚያሳትማቸው ቡክዎርምስ በተባሉ ተከታታይ መጻሕፍት 1ኛው ደረጃ 400 መሠረታዊ ቃላት አሉት፤ ከዚያ 700፣ 1,000፣ 1,400፣ 1,800 እያለ 6ኛው ላይ 2,500 ይደርሳል። ካምብሪጅና ፔንግዊን የተባሉት አሳታሚዎችም የየራሳቸው አላቸው፤ ነገር ግን የአንዱ 3ኛ ደረጃ ከሌላው 3ኛ ጋር እኩል አይደለም፤ ስለዚህ የደረጃውን ቁጥር ትታችሁ የቃላቱን ብዛት ተመልከቱ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰ ሰው ከ700 ወይም ከ1,000 ቢጀምር ጥሩ ነው። ቀሎኛል ብሎ ማፈር አያስፈልግም፤ ፍጥነት የሚመጣው ከቀላሉ ነው።

በቴሌግራም የሚዘዋወሩ ፋይሎች ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ርዕስ በቀላል እንግሊዝኛ ተጽፎም በዋናው ቅጂም ይገኛል። 300 ገጽ ያለው ፋይል ከደረሳችሁ ዋናው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

የሕፃናት መጽሐፍ ቀላል ይመስላል እንጂ ለተማሪ አይመችም። የተጻፈው በሺህ የሚቆጠሩ ቃላትን በጆሮው ለሚያውቅ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጅ ነው፤ የእንስሳት ድምፅና ቤት የሚመታ የፈጠራ ቃል ይበዛበታል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ታሪኩን በአማርኛ ስለምታውቁት ትልቅ እገዛ አለው፤ የ1611ዱን የኪንግ ጀምስ ትርጉም ትታችሁ በዛሬ እንግሊዝኛ የተተረጎመ ምረጡ። የኪንግ ጀምሱ የጥንት ተውላጠ ስምና የግሥ አረባብ በዛሬ የተለመደ ንግግር አይሠራበትም።

ጋዜጣን ለኋላ አቆዩት። በየገጹ ጉዳዩ ስለሚለወጥ ዛሬ ያገኛችሁት ቃል ነገ አይመለስም፤ ሳይደጋገም ደግሞ አይያዝም። በአንድ ደራሲ ወይም በአንድ ርዕሰ ጉዳይ ሦስት አራት መጽሐፍ አከታትሎ ማንበብ እጅግ የተሻለ ነው። እግር ኳስ የሚወድ የተጫዋቾችን ሕይወት ታሪክ፣ ነጋዴ ስለ ንግድ የተጻፈውን ይያዝ። ብዙዎች የሚንቋቸው፣ ሰው ራሱን እንዲያሻሽል የሚመክሩ የራስ አገዝ መጻሕፍትም ለዚህ ጥሩ ናቸው፤ ዐረፍተ ነገራቸው አጭር ነው፤ ሐሳባቸውን ደጋግመው ይናገራሉ።

የድምፅ ቅጂ ያለውን አስቀድሙ። ፊደላችን እንደሚነበበው ስለሚጻፍ እንግሊዝኛውንም እንደተጻፈው የማንበብ ልማድ አለብን፤ በተሳሳተ ድምፅ መቶ ጊዜ በልብ የተነበበ ቃል በኋላ ለማረም ያስቸግራል። አንድ ምዕራፍ አንብቡ፣ ከዚያ ገጹን እያያችሁ አዳምጡት።

ሁለት መጻሕፍትን መዝገበ ቃላት ሳትገልጡ ከጨረሳችሁ ደረጃ ጨምሩ። ከ2,500 በኋላ ግን በቀጥታ ወደ ከባድ ልቦለድ አትዝለሉ፤ ዋና ልቦለድ በምቾት ለማንበብ 8,000 ያህል የቃላት ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከእርባታዎቹ ጋር እንደ አንድ ተቆጥሮ) ያስፈልጋሉ። ክፍተቱን በሕይወት ታሪኮችና ለወጣቶች በተጻፉ ዘመናዊ ልቦለዶች ሙሉት፤ እያንዳንዱንም በመቶ ቃሉ ቆጠራ ፈትኑት።