ገዳዩን ፍለጋ ዮርክ

አክስቴ እንግሊዝ አገር ልትጠይቀን ስትመጣ ከቴሌቪዥን የሚጥማት የወንጀል ምርመራ ድራማ ብቻ ነው። ቋንቋው ባይገባትም ገዳዩን ከመርማሪው ቀድማ ታውቀዋለች። «ዮርክ ከተማ ሄደን ሚስትሪ ፕሌይስ የሚባለውን ቲያትር እንይ» ስላት ጋቢዋን ደርባ በር ላይ ጠበቀችኝ።

ባቡር ውስጥ ላስረዳት ሞከርኩ።

«የፖሊስ ነገር እኮ አይደለም። ድሮ ሚስትሪ ሲሉ ምስጢር ብቻ ሳይሆን ሙያም ማለታቸው ነበር። የከተማው ባለሙያዎች ከፍጥረት እስከ ምጽአት ያለውን ታሪክ ተከፋፍለው በሠረገላ ላይ ያሳያሉ። የኖኅን መርከብ መርከብ ሠሪዎች፣ የመጨረሻውን እራት ዳቦ ጋጋሪዎች።»

«ስቅለቱንስ?»

«ምስማር ሠሪዎች።»

«በል ገዳዩ ተገኘ» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ድሮ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ይጀመር እንደነበር ስነግራት ግን ደስ አላት። «እንደ ኪዳን!» እ.ኤ.አ. በ1569 ቆሞ በ1951 እንደገና እንደተጀመረ ስተርክላት አንቀላፍታለች።

የስቅለቱ ሠረገላ መጣ። አራት ወታደሮች በጥንቱ እንግሊዝኛ መነጋገር ጀመሩ። እኔ የቃላት መፍቻ ያለበት መጽሐፍ ይዣለሁ። አንዱን ቃል ፈልጌ ቀና ስል አምስት ስንኝ አምልጦኛል። አጠገቤ ያሉት እንግሊዞችም ወደ መጽሐፌ ያጮልቃሉ።

አክስቴ ግን ሟቹ ባሏ አናጢ ነበር።

«ቀዳዳው ራቀባቸው! ሳይለኩ ነው የበሱት!»

መጽሐፉን አየሁ። እውነትም ወታደሮቹ የሚጨቃጨቁት በዚሁ ነው።

«አሁን እጁን በገመድ ሊስቡት ነው። ወይኔ!»

ሳቡት። ከዚያ መስቀሉን ሲያነሱ ከበደን፣ ትከሻችን ወለቀ እያሉ ያማርራሉ። ደራሲው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ግን ምን ዓይነት ሰው ነው? ሰቃዮቹን ሥራ እንደበዛበት የቀን ሠራተኛ ሲያነጫንጫቸው ሳቅ ያመልጥሃል፣ ወዲያው ትደነግጣለህ።

አክስቴ አልሳቀችም። ብድግ ብላ፣ «ትከሻዬን ትላለህ ደግሞ! አንተ ግፈኛ!» ብላ ጮኸች። መንገዱ ሁሉ ዞረ። ከኋላ ያሉ ሴትዮ ምን እያለች እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

«ትወናውን እያደነቀች ነው» አልኩ።

ሴትዮዋ አጨበጨቡ። ሌሎችም ተከተሉ። ተዋናዩ ሲጨርስ የራስ ቁሩን እንዳጠለቀ፣ ፈገግ ብሎ ሊያመሰግናት እጁን ዘረጋ።

አክስቴ እጇን ጋቢዋ ውስጥ ከተተች።

«መጀመሪያ ልብሱን ቀይሮ ይምጣ በለው!»